አጎት ጃሲንቶ የቸኮለበት ቀን

ጃሲንቶ ቦቴሎ ከሰኞ እስከ ቅዳሜ የበቅሎ እግር ጭኑ ላይ አስቀምጦ ብረት ይመታል፤ እሁድ ከቅዳሴ መልስ ደግሞ የዳኛ ጭንብሉን በጣቱ አንጠልጥሎ ወደ ቤዝቦል ሜዳው ይወርዳል። በሃዋይ፣ በፓኡካላ የስኳር እርሻ ሠላሳ ዓመት የኖረው እንዲህ ነው። ይህ የምነግራችሁ ነገር ሲሆን ሃምሳ ስምንት ዓመቱ ነበር። አንገት የሚባል ነገር አልተሰጠውም፤ ጭንቅላቱ በቀጥታ ትከሻው ላይ ነው የተቀመጠው። በመንደራችን ፖርቱጋላዊ ይሁን ጃፓናዊ፣ ፊሊፒኖ ይሁን ሃዋያዊ፣ በዕድሜ የሚያንሰው ሁሉ "አጎቴ" ነው የሚለው። እኔም እንደዚያው።

በዳኝነቱ አንድ ጠባይ ነበረው፤ አይቸኩልም። ኳሱ የተቀባዩ ጓንት ውስጥ ጧ ብሎ ከገባ በኋላ አንድ ትንፋሽ፣ አንዳንዴም ሁለት ትንፋሽ ዝም ይላል። መቺው ዞር ብሎ ያየዋል። ወርዋሪው እጁን ወገቡ ላይ አድርጎ ይጠብቃል። ያ ድምፁ የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው፤ ከሜዳው አልፎ፣ የሸንኮራውን ማሳ አቋርጦ፣ ባሕሩ ገደል ድረስ የሚሰማ ድምፅ።

"አጎቴ፣ ፍም መሰለህ እንዴ እስኪበርድ የምትጠብቀው?" ይሉታል ልጆቹ።

"ፈጣን ፍርድ ከፈለግህ ኬኬላ ጋ ሂድ። ሳትጠይቃት ትፈርድልሃለች" ይላል።

ኬኬላ ሚስቱ ናት። ሁልጊዜ የምትቀመጠው መቺው ከሚቆምበት፣ ሯጭም ዞሮ ሲረግጠው ነጥብ ከሚቆጠርበት ሰሌዳ ኋላ፣ ከሽቦው አጥር አጠገብ ነው። ሌላው ተመልካች ዳኛውን ሲሰድብ ወላጅ አይነካም፣ ዓይንና ጆሮ ላይ ብቻ ነው የሚያተኩረው። እሷ ግን ሁሉንም ታውቃለችና ሌሊት እንደሚያንኮራፋ፣ ካልሲውን የት እንደሚጥል፣ ሁሉንም ለሕዝብ ታወጣለች። እሱ አንድ ቀንም ዞሮ አያያትም። ከጨዋታው በኋላ ግን ተያይዘው ነው ዳገቱን የሚወጡት።

እኔ የመንደሩ ትምህርት ቤት አስተማሪ ነበርኩ። ነጥብ የሚመዘግበው ሰው ፐርል ሃርበር ለመርከብ ጥገና ሲሄድ፣ ወንዶቹ ግማሾቹ ዘምተው ግማሾቹ በሥራ ተወጥረው ስለነበር ደብተሩ እኔ እጅ ላይ ወደቀ። መቀመጫዬ ከአጎት ጃሲንቶ ጀርባ አሥር እርምጃ ያህል ነበር፤ ስለዚህ የምነግራችሁን ሁሉ ያየሁትና የሰማሁት ራሴ ነኝ።

በሐማኩዋ የባሕር ዳርቻ እያንዳንዱ ስኳር ፋብሪካ የራሱ ቡድን ነበረው፤ ሁሉም ተደምረው የስኳር ሊግ ይባላሉ። ጦርነቱ መጥቶ ተራራው ላይ ማሪን የሚባሉት የአሜሪካ ባሕር ወታደሮች ካምፕ ሲሠራ እነሱም የራሳቸውን ሊግ አቋቋሙ፤ የካምፕ ሊግ። ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ሁለቱ አልተስማሙም። እነሱ እሁድ እሁድ ሜዳችንን በወታደራዊ ትእዛዝ ይወስዱብናል። የእኛ ልጆች ደግሞ ሜዳውን ከመልቀቃቸው በፊት የውኃ ቧንቧውን ከፍተው ይሄዳሉ። ካምፑ ውስጥ፣ አሜሪካ ሳሉ ደሞዝ እየተከፈላቸው የተጫወቱ ሰዎች ነበሩ፤ ያንንም በሄዱበት ሁሉ ያወሩታል። የእኛ ሰዎች ደግሞ "ደሞዝ እየበላ የሚጫወትማ በቅሎም አለን" ይላሉ።

ፐርል ሃርበር ከተመታ ሦስት ዓመት ሊሞላው ሁለት ወር ሲቀረው፣ ለቁስለኞች ገንዘብ ማሰባሰቢያ ተብሎ የሁለቱ ሊጎች ምርጦች ሂሎ ከተማ ላይ እንዲጋጠሙ ተወሰነ። በዳኛው ላይ ግን ተጣሉ። ካምፑ የራሱን ሰው ካልሆነ አለ፤ የእኛም አሻፈረኝ አሉ። በመጨረሻ የካምፑ ሊግ ኃላፊ መቶ አለቃ ፕሩት ራሱ ፓኡካላ መጣ። ከምርጦቹ አንዱ ሚቺኦ ኦኪናጋ የኔ የድሮ ተማሪ ነበር፤ ደብተሩም እኔ ጋ ስለነበር የተጫዋቾቹን ስም ዝርዝር የያዝኩት እኔ ነበርኩ፤ ወደ አጎት ጃሲንቶ የብረት መቀጥቀጫ ቤት የመራሁትም እኔ ነኝ።

አጎት ጃሲንቶ የአንዲት ነጭ በቅሎ እግር ይዞ ነበር። ቀና አላለም።

"ሚስተር ቦቴሎ፣ አንድ ነገር በግልጽ ልጠይቅህ" አለ መቶ አለቃው። "ለማን ታዳላለህ?"

አጎት ጃሲንቶ አፉ ውስጥ የነበሩትን ሚስማሮች አንድ በአንድ አወጣ። መቶ አለቃው ያልሰማው መስሎት ሊደግምለት ሲል መለሰለት።

"ጨዋታውን ቶሎ ለሚጨርስልኝ። ኬኬላ እሁድ የባቄላ ሾርባ ነው የምትሠራው፤ ሲቀዘቅዝ አልወደውም።"

መቶ አለቃው ሳቀ። በቅሎዋ ግን አልሳቀችም፤ ጅራቷን ፊቱ ላይ አወናጨፈችው። በነጋታው ከካምፑ ደብዳቤ መጣ፤ ከሰሌዳው ኋላ የሚቆመው ዳኛ ቦቴሎ፣ ሯጮች እየረገጡ የሚያልፏቸውን ሦስቱን ማረፊያዎች የሚቆጣጠረው የካምፑ ሳጅን።

የጨዋታው ዕለት ባቡሩ ከሐማኩዋ እስከ ሂሎ ሰው በየበሩ ተንጠልጥሎበት ነው የሄደው። ድልድዮቹን ስናልፍ ከታች ገደሉ ይታያል፤ አሮጊቶቹ ዓይናቸውን ጨፍነው ይጸልያሉ፤ ወጣቶቹ በመስኮት ብቅ ብለው ይዘፍናሉ። የሩዝ ድቡልቡል ያልያዘ፣ የደረቀ ዓሣ ያልያዘ፣ ጣፋጭ ዳቦ በፎጣ ያልጠቀለለ አልነበረም። አጎት ጃሲንቶ ጥግ ላይ ጭንብሉን እቅፉ ውስጥ ይዞ ተቀምጧል።

ሚቺኦ ከፊት ለፊቱ ተቀምጦ ነበር። ቀጭን፣ ዝምተኛ፣ ሲሮጥ ግን እግሩ መሬት የማይነካ ልጅ ነው። ያኔ ሃያ ዓመቱ ነበር። ታላቅ ወንድሙ አሜሪካ ከጃፓናውያን ስደተኞች ልጆች ባቋቋመችው ክፍለ ጦር ውስጥ ሆኖ አውሮፓ ይዋጋ ነበር።

"አባትህስ?" አለው አጎት ጃሲንቶ።

"ቤት ቀሩ።"

"ታመሙ እንዴ?"

"አልታመሙም።" ሚቺኦ በመስኮቱ ወደ ውጭ አየ። "ወታደር በበዛበት ቦታ መገኘት አይወዱም።"

አጎት ጃሲንቶ ሌላ አልጠየቀም። ሽማግሌው ጌንጂሮ ኦኪናጋ ሠላሳ አምስት ዓመት ሸንኮራ ቆርጠዋል፤ ግን ጃፓን ስለተወለዱ ጦርነቱ እንደተጀመረ የሬዲዮናቸውን ሽቦ ሳይቀር ፖሊስ ነቅሎ ወስዶባቸዋል። ይህንን ባቡሩ ውስጥ የማያውቅ ሰው አልነበረም።

ሂሎ እንደ ልማዷ ሲዘንብባት አድራለች። ሜዳው ጭቃ ስለነበር የፋብሪካ ሰዎች በጭነት መኪና የሸንኮራ ገለባ አምጥተው በተኑበት። በአንድ በኩል ማሪኖቹ በመስመር ተቀምጠዋል፤ ሲታዩ አረንጓዴ ግንብ ይመስላሉ። በሌላ በኩል የእኛ ሰዎች፤ ጃንጥላ፣ ባርኔጣ፣ ሕፃን፣ ጊታር። ስንት ሺህ ሰው እንደነበር አላውቅም፤ መቀመጫ ያጣው ዛፍ ላይ ወጥቶ ነበር።

ወታደሮቹ መሳደብ ይችሉበታል። ወርዋሪያችንን "ስኳር፣ ስኳር፣ ቀልጠህ እንዳታልቅ" ይሉታል። አንዱ አጎት ጃሲንቶን አይቶ "ዳኛው አንገቱን የት ጣለው?" አለ፤ ኬኬላ ተነስታ "ቤት ትቶት ነው የመጣው፤ አንተ እናትህን ቤት ትተህ እንደመጣኸው" ብላ ስትመልስ ማሪኖቹ ራሳቸው አጨበጨቡላት። ሚቺኦ ለመምታት በወጣ ቁጥር ግን ነገሩ ቀልድ መሆኑ ይቀር ነበር። "ያንን ጃፓን አስወጡት" የሚል ድምፅ ይመጣል፤ ከአንድ ቦታ፣ ከዚያ ከሦስት ቦታ። ሚቺኦ ዱላውን ትከሻው ላይ አድርጎ ቀጥ ብሎ ይቆማል። አንዴ የካምፑ ተቀባይ አስር አለቃ ሃስከል፣ የነብራስካ ላም አላቢ ልጅ ነው፣ ጭንብሉን አውልቆ ወደ ራሱ ሰዎች ዞረና ዝም በሉ ብሎ በእጁ ምልክት ሰጣቸው። ጥቂቶቹ ዝም አሉ።

ጨዋታው እልህ አስጨራሽ ነበር። እነሱ ሁለት፣ እኛ አንድ። እኛ ሦስት። እነሱ አራት። አጎት ጃሲንቶ እንደ ወትሮው አንድ ትንፋሽ፣ ሁለት ትንፋሽ እየጠበቀ ይፈርዳል፤ በመጀመሪያ ማሪኖቹ አብደው ነበር፣ በአምስተኛው ዙር ግን ኳሱ ጓንት ውስጥ ሲገባ ሁሉም አብረው "አንድ... ሁለት..." እያሉ መቁጠር ጀመሩ። የሁለቱ ሊግ ሰዎች አንድ ላይ ያደረጉት ብቸኛ ነገር እሱ ነበር።

ዘጠነኛው፣ የመጨረሻው ዙር ላይ ተራ መቺዎቹ እኛ ነበርን፤ አራት ለሦስት እየተመራን። ሁለት ሰዎቻችን ወጥተዋል፤ ሦስተኛ ሰው ከወጣ ተራችን ያበቃል። ሦስተኛው ማረፊያ ላይ አንድ ሯጭ፣ ሁለተኛው ላይ ሚቺኦ። መቺው ከሆኖካኣ እርሻ የመጣ ፊሊፒኖ ነበር፤ ሁለተኛውን ኳስ አግኝቶ በግራ በኩል አሾለከው። የመጀመሪያው ሯጭ ገባ። አራት ለአራት። ሚቺኦ ሦስተኛውን ማረፊያ ረግጦ አልቆመም፤ አሠልጣኙ እጁን ወደ ላይ አንስቶ "ቁም" ሲለው አላየውም፣ ወይም አይቶ ተወው። ከሩቅ የተወረወረው ኳስ አንዴ ነጥሮ ሃስከል ጓንት ውስጥ ሲገባና ሚቺኦ በሰሌዳው ላይ ሲንሸራተት አንድ ሆነ። ጭቃና ገለባ ወደ ላይ ተረጨ። ኳሱ ቀድሞ ከነካው ወጥቷል፤ እግሩ ቀድሞ ሰሌዳውን ከነካ ደርሷል፣ እኛም አሸንፈናል።

"ደርሷል!"

ድምፁ ወዲያው መጣ። አንድ ትንፋሽ እንኳ አልነበረም። ያኔ ነው ደብተሬን የጣልኩት፤ በደስታ ብቻ ሳይሆን በመደንገጥም። አጎት ጃሲንቶ ቸኩሎ ሲፈርድ ሰምቼ አላውቅም ነበርና።

ሕዝባችን አጥሩን ገልብጦ ሜዳ ውስጥ ገባ። ጊታሮቹ፣ ጃንጥላዎቹ፣ ሁሉም። የፓኡካላ ሥራ አስኪያጅ ኮቱን አውልቆ ወደ ላይ ሲወረውር አየሁ። በመካከል ሦስት ሰዎች ብቻ አልተንቀሳቀሱም። ሚቺኦ እዚያው ጭቃው ላይ ተቀምጧል። ሃስከል ኳሱን እንደያዘ ተንበርክኳል። አጎት ጃሲንቶ ደግሞ ጭንብሉን አውልቆ የያዘበትን እጁን እያየ ነው፤ ፍርዱን የሰጠው ሌላ ሰው ይመስል።

መቶ አለቃ ፕሩት እየሮጠ ደረሰ። ፊቱ ቀልቷል።

"ነክቶታል! እዚያ ከነበርኩበት አይቻለሁ፤ ነክቶታል!"

ሃስከል አፉን ሲከፍት አጎት ጃሲንቶ እጁን አነሳበት።

"አንተን አልጠየቅኩም፤ የምትለውን አውቃለሁ" አለው። ወደ ሚቺኦም ዞረ። "ሚቺኦ፣ አንተን ነው የምጠይቅህ። ነክቶሃል?"

የካምፑ ሳጅን መሃል ገባ። "ዳኛ ተጫዋች አይጠይቅም። ደግሞ እሱን? እሱን ነው የምትጠይቀው?"

"እኔ አላየሁም" አለ አጎት ጃሲንቶ። ዝቅ ባለ ድምፅ ነበር የተናገረው፤ ቅርብ ስለነበርኩ ነው የሰማሁት። "አፌ ከዓይኔ ቀደመ። ከእሱ ሌላ የሚያውቅ ካለ አምጡልኝ። እሱ ያለኝን ነው የምፈርደው።"

ሚቺኦ ከዙሪያው የተሰበሰበውን ሰው አየ። የራሱ ሰዎች ነበሩ፤ አንዳንዶቹ ትከሻውን ሊመቱት እጃቸውን ዘርግተው ነበር።

"ጉልበቴን" አለ በመጨረሻ። "እግሬ ከመድረሱ በፊት ጉልበቴን ነክቶኛል፣ አጎቴ።"

አጎት ጃሲንቶ አጎንብሶ እጁን ሰጠውና አስነሳው። ከዚያ ጭንብሉን ብብቱ ሥር አድርጎ፣ ሰው ሁሉ እንዲያየው ወደ ሰሌዳው መሃል ወጣ። አንድ ትንፋሽ። ሁለት ትንፋሽ። ማንም አልቆጠረለትም።

"ተሳስቻለሁ" አለ በዚያ ትልቁ ድምፅ። "ራሱ ሯጩ ነግሮኛል። ወጥቷል።"

ከዚያ የእኛ ወገን ፈነዳ። ምን እንዳሉት አልጽፍም፤ ግማሹን በፖርቱጋልኛ ነው ያሉት፣ ግማሹ ደግሞ ለመጻፍ አይሆንም። ማሪኖቹ ግን አልጮኹም። ሚቺኦ ጭቃውን ከሱሪው እያራገፈ ወደ ቦታው ሲሄድ ከአረንጓዴው ግንብ ውስጥ አንድ ሰው ማጨብጨብ ጀመረ። ሌሎች ተከተሉት። ሁሉም አልነበሩም፤ ግን ብዙ ነበሩ። ሚቺኦ ቀና ብሎ አላያቸውም።

ነጥቡ እኩል ስለነበር በተጨመረው አሥረኛ ዙር ካምፖቹ አንድ አገቡ። እኛ ምንም። አምስት ለአራት። ደብተሩ ላይ የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ ገጹ ከወደቀበት ጭቃ ገና ስላልደረቀ አምስቷ ሦስት ትመስላለች።

በመመለሻው ባቡር ላይ አጎት ጃሲንቶ አጠገብ ማንም አልተቀመጠም። ኬኬላ ብቻ። ሌላ ቀን ቢሆን ስትሰድበው ነበር የምትመጣው፤ ያን ቀን ግን ጣፋጭ ዳቦውን ቆርሳ ሰጠችው፤ እሱም በላ። አንዲት ሴት ከኋላ ሆና "የገዛ ሰዎቹን ከድቶ" ስትል ኬኬላ ሳትዞር "እኔ ብቻ ነኝ የምሰድበው። ለሌላ ሰው ፈቃድ አልሰጠሁም" አለቻት።

ከዚያ በኋላ ለሦስት ሳምንት ያህል የፓኡካላ ሰው አጎት ጃሲንቶን አላናገረውም ማለት ይቻላል። ሱቅ ሲገባ ወሬው ይቆማል። በቅሎ የሚያመጡት ልጆች በቅሎዋን ደጁ ላይ አስረው ይሄዳሉ። አንድ ጠዋት ኬኬላ ሱቁ መሃል ቆማ "ዛሬ ማታ ቤታችን ሾርባ አለ፤ ማኩረፍ የደከመው ሰው ካለ ይምጣ" ብላ አወጀች። አንድ ሰው መጣ፤ እሱም ተርቦ እንጂ ታርቆ አይመስለኝም።

ሚቺኦንም ተቀይመውት ነበር፤ ግን በእሱ ላይ የሚናገር አልነበረም። በሁለተኛው ሳምንት እሁድ እንደ ልማዱ ጫማውን አንጠልጥሎ ለልምምድ መጣ። ኳስ የሚወረውርለት ሲያጣ ዘመድ ሊጠይቅ የመጣው የሆኖካኣው ፊሊፒኖ፣ ያን ኳስ የመታው ሰው፣ ተነስቶ ወረወረለት። "እኔ እኮ መታሁት" አለ ደጋግሞ። "ሥራዬን ሠርቻለሁ። እሱም ሥራውን ሠርቷል።"

ሦስተኛው ሳምንት መጨረሻ ላይ፣ ቀትር ላይ፣ የተማሪዎች ስም ዝርዝር ላስፈርም ወደ እርሻው ቢሮ ስሄድ ሽማግሌው ኦኪናጋ ወደ ብረት ቤቱ ሲገቡ አየሁ። ንጹሕ ሸሚዝ ለብሰዋል፤ በጋዜጣ የተጠቀለለ ዓሣ ይዘዋል። እኔም ተከተልኳቸው፤ አልዋሽም፣ ለማየት ነው።

አጎት ጃሲንቶ ወናፉን ትቶ ቆመ። ሁለቱ ሰዎች ሠላሳ ዓመት በአንድ እርሻ ሲሠሩ ከሰላምታ አልፈው የተነጋገሩ አይመስለኝም።

"ኦኪናጋ ሳን" አለ፣ በጃፓኖቹ የአክብሮት አጠራር።

"ሚስተር ቦቴሎ።" ሽማግሌው ዓሣውን መስፉ ላይ አስቀመጡ። "ልጄ ስለ ጨዋታው ምንም አይነግረኝም። ሰዎች ይነግሩኛል፤ እያንዳንዱ ግን ሌላ ነገር ነው የሚለው።"

"በእኔ ጥፋት ነው ልጅዎን ሰው የተቀየመው። መጠየቅ አልነበረብኝም ይላሉ።"

"መጠየቅዎን ነው የመጣሁበት።" ኦኪናጋ ባርኔጣቸውን አውልቀው በሁለት እጃቸው ያዙት። "ያ ሁሉ ወታደር ባለበት ልጄን ጠየቁት። ያለውንም አመኑት። በዚያ ላይ ፈረዱ። እውነት ነው?"

አጎት ጃሲንቶ እጁን በቆዳ ሽርጡ ጠረገ።

"እውነት ነው" አለ።

ሽማግሌው ራሳቸውን ነቀነቁ። ከዚያ "እንዴት እንደሆነ ያሳዩኝ" አሉ።

"ምኑን?"

"ሩጫውን። አልነበርኩምና።"

አጎት ጃሲንቶ ወደ እኔ አየ፤ የሚያግዘው ሰው ይፈልግ ይመስል። ከዚያ የቆዳ ሽርጡን ፈታ። በጠመኔ ወለሉ ላይ ሰሌዳውን ሣለ። ደጁ ጋ ያለውን የበቅሎ ገንዳ ሦስተኛው ማረፊያ አደረገው። መዶሻውን ኳስ ነው ብሎ ለኦኪናጋ ሰጣቸው፤ "እርስዎ ሃስከል ነዎት፤ እዚህ ይንበርከኩ" አላቸው። ሽማግሌው ተንበረከኩ። እሱም ከገንዳው ተነስቶ እየተንደረደረ መጣና፣ ሃምሳ ስምንት ዓመቱን፣ ሆዱንና ሙሉ ክብደቱን ይዞ፣ በዚያ የብረት ትቢያ ላይ በጎኑ ተንሸራተተ። ሙሉ አልተንሸራተተም፤ ግማሽ መንገድ ላይ ቆመና የቀረውን በክርኑ ተጎተተ።

"አሁን፣ እግሬ እዚህ ሲደርስ" አለ እያለከለከ፣ "ኳሱ ጉልበቴን ነካ። ይንኩኝ።"

ኦኪናጋ መዶሻውን በቀስታ ጭኑ ላይ አስቀመጡ። "እዚህ ጋ?"

"ዝቅ ያድርጉት። ዝቅ። አዎ፣ እዚያ ጋ።"

"እግሩስ ምን ያህል ቀርቶት ነበር?"

አጎት ጃሲንቶ አንገት በሌለው ጭንቅላቱ ቀና ብሎ በጣቶቹ ለካ። "ልጅዎ እንዳለኝ ይህችን ታህል። ይህችን ብቻ።"

ሽማግሌው ያቺን የጣት ስፋት ለረጅም ጊዜ አዩዋት። "ፈጣን ነበር ማለት ነው" አሉ።

"እንደሱ የሚሮጥ አላየሁም።"

ኬኬላ ምሳውን ይዛ የገባችው በዚህ ጊዜ ነው። ባሏ መሬት ላይ ተጋድሟል፤ ሽማግሌው ኦኪናጋ መዶሻ ይዘው ከላዩ ተንበርክከዋል፤ የመንደሩ አስተማሪ በር ላይ ቆማ እንባዋን ትጠርጋለች። ሣህኑን መስፉ ላይ አስቀመጠች።

"ምን አደረጋችሁ ብዬ አልጠይቅም" አለች። "ዓሣው የማን ነው?"

ዓሣውን ሦስቱ ኬኬላ ቤት ሄደው በሉት። ኦኪናጋ ከዚያን ቀን ጀምሮ አጎት ጃሲንቶን "አንተ" ይሉት ጀመር፤ እሱም እንዲሁ። መንደሩ ይህንን አየ። በሳምንቱ በቅሎ የሚያመጡት ልጆች ገብተው ወናፉ ጋ መቀመጥ ጀመሩ። ይቅርታ የጠየቀ ሰው ግን አልነበረም፤ እሱም አልጠበቀም።

ካምፑ በታኅሣሥ ባዶ ሆነ። ማሪኖቹ በአንድ ሌሊት መርከብ ላይ ወጥተው ሄዱ፤ የት ውጊያ እንደገቡ ያወቅነው በየካቲት ከጋዜጣ ነው። አስር አለቃ ሃስከል ስለደረሰበት ነገር ለማወቅ ሞክሬ ነበር፤ አልተሳካልኝም። የመልስ ጨዋታ ይደረጋል ተብሎ ተነግሮ ነበር፤ አልተደረገም። ሚቺኦ በሚቀጥለው ክረምት ወታደር ሆኖ ለአስተርጓሚነት ጃፓን ተላከ፤ ወንድሙ ጣሊያን ውስጥ እግሩን ቆስሎ፣ ግን በሕይወት ተመለሰ። አባታቸው የሁለቱንም ፎቶግራፍ ጎን ለጎን ሰቀሉ።

አጎት ጃሲንቶ ከጦርነቱ በኋላም ሰባት ዓመት ዳኝቷል። በትራክተር ምክንያት በቅሎዎቹ ሲሸጡ ብረት ቤቱ የመኪና መጠገኛ ሆነ፤ እሱ ግን እሁዱን አልተወም። ከዚያ አንድ እሁድ፣ በአራተኛው ዙር መካከል፣ ጭንብሉን አወለቀና ጨዋታውን አስቆመ። ሰው የተጎዳ መስሎን ነበር።

"ኳሱ ሁለት ሆኖብኛል" አለ ጮክ ብሎ። "ከሁለቱ በየትኛው ላይ ልፍረድ?"

ሰው ሁሉ ሳቀ። እሱ ግን የምሩን ነበር። ጭንብሉን ከጃፓን ተመልሶ የቡድኑ አሠልጣኝ ለሆነው ለሚቺኦ ሰጠው፤ ሸሚዙን አራግፎ በእግሩ ወደ ተመልካቹ ወጣ። ኬኬላ በሁለት መቀመጫ ላይ የዘረጋችውን ጃንጥላ ሰበሰበችለት። በሌላው ጎኑ ኦኪናጋ ነበሩ፤ የተቀቀለ ለውዝ ከከረጢት እያወጡ ሰጡት።

ጥቂት ዙር ተመለከተ። ከዚያ "ጌንጂሮ" አላቸው፤ "በአርባ ዓመት ውስጥ ጨዋታውን ከጎን ሆኜ አይቼው አላውቅም። የማየው የተቀባዩን ጀርባ ብቻ ነበር።"

"እና እንዴት ነው?"

አጎት ጃሲንቶ የለውዙን ልጣጭ ጉልበቱ ላይ አራገፈ። አንድ ትንፋሽ፣ ሁለት ትንፋሽ።

"ሰፊ ነው" አለ። "ይህን ያህል ሰፊ መሆኑን ማን ነገረኝ?"